ናፖሊ፣ ፓሌርሞ እና የኔ ዋስ

ሄዶ የማያውቀውን ከተማ እንደ እኛ ሰው አብጠርጥሮ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሮም በነበርኩበት ዘመን ይህን በሚገባ አረጋግጫለሁ። ስለ ናፖሊና ስለ ፓሌርሞ ከሠላሳ ሰው በላይ ጠይቄ፣ "አላውቅም" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጣልያን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮም የገባሁት ከአሠሪዬ ከሲኞራ ኤልቪራ ጋር ነው። ሲኞራ ኤልቪራ አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩ ጣልያን ናቸው። ባላቸው ጋራዥ ነበራቸው። ደርግ መጣና ጋራዡ የሰፊው ሕዝብ ሆነ። ባልየው በዚያው ሰሞን አረፉ። በንዴት ነው የሚል አለ፣ በስኳር በሽታ ነው የሚል አለ። ሲኞራ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪናና እኔን ይዘው አገራቸው ገቡ። የስፌት መኪናው መንገድ ላይ ተሰበረ። እኔ ደህና ደረስኩ።

ሲኞራ አማርኛ ይችላሉ። ብቻ የተማሩት ሠራተኛ በማዘዝ ስለሆነ አማርኛቸው ሁሉ ትእዛዝ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ፣ ተዪው። ሲያዝኑልኝ "ብዪ" ይሉኛል። በጣም ሲያዝኑልኝ "ድገሚ" ይሉኛል። ሰው እንደሚወድህ በስንት መንገድ ይናገራል፤ የእሳቸው መንገድ ይኸው ነበር።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ "ተቀመጪ" አሉኝ። ትእዛዝ ነው፣ ተቀመጥኩ። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ቶሪኖ ያለችው ልጃቸው ወስዳ ከራሷ ጋር ልታኖራቸው ነው። ልጅየዋ ቤት ደግሞ ለእኔ የሚሆን ክፍል የለም። የሮሙ ቤት በሰኔ መጨረሻ ይለቀቃል አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ የእኛ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ማለቴ ነው፣ በአሠሪ ስም የተንጠለጠለ ነበር። አሠሪ ካለሽ አለሽ፤ አሠሪ ከሌለሽ የለሽም። የእኔ ፔርሜሶ የሚያልቀውም በዚያው በሰኔ መጨረሻ ነው። ታዲያ አገርሽ አትመለሺም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ ሁልጊዜ ሦስት መስመር ነው። ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን። አትምጪ። ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ሦስተኛዋን መስመር "መንገዱ አድካሚ ስለሆነ አትምጪ" እያለ ያሳምራታል። ስለዚህ ፈራሁ። ሳህን ሳጥብ ፈራሁ፣ ልብስ ስተኩስ ፈራሁ።

ሲኞራ ግን ሜዳ ላይ አልጣሉኝም። ሁለት ቤት አፈላልገውልኛል። አንዱ ናፖሊ ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ የአንድ ሐኪም ሚስት፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ቤት። ሌላው ፓሌርሞ ነው፤ የባላቸው የድሮ ወዳጅ የሆኑ ኖታዮ ቤት። ኖታዮ ማለት ውልና ሰነድ የሚያጸድቅ ትልቅ ሰው ነው። እኒህ ኖታዮ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሆናቸውን እናታቸውን የምትጦር ሴት ይፈልጋሉ። "ሁለቱም ደቡብ፣ ሁለቱም ትልቅ ከተማ። ምረጪ" አሉኝ።

ደቡብ። ለእኔ ደቡብ ማለት ሲዳሞ ነው። ዝናብ፣ እንሰት፣ ቀይ አፈር። ሲኞራ ስለ ባሕርና ስለ ሎሚ ሲያወሩልኝ ጊዜ ነው ሌላ ደቡብ መሆኑ የገባኝ።

የአገሬ ሰው ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል። ጥሩ ተረት ነው። የትኛው ባላ ይሻላል እያሉ ለሦስት ሳምንት ሲያማርጡ ስለሚሆነው ነገር ግን ተረቱ ምንም አይናገርም።

ደብተር ገዛሁ። ገጹን መሐል ለመሐል በማስመሪያ ከፍዬ በግራ ናፖሊ፣ በቀኝ ፓሌርሞ ብዬ ጻፍኩ። የሮም የቤት ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቱ ነው። ሐሙስ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ያልታየ ሐበሻ ወይ ታሟል ወይ አግብቷል። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

አንዷ ናፖሊን እንዳትመርጪ አለችኝ። ከከተማው አጠገብ እሳት የሚተፋ ተራራ አለ፤ አሁን ግን ተኝቷል። "ተኝቷል ማለት እኮ ይነቃል ማለት ነው" አለች። ልክ ናት፣ ጻፍኩት። ሌላዋ ናፖሊ ለሮም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ለበዓል እዚህ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ብለሽ ሰው አይተሽ ትመለሻለሽ አለች። ይህንንም ጻፍኩት። ሦስተኛዋ ፓሌርሞ እንደ ድሬዳዋ ይሞቃል አለች። ድሬዳዋ ኖረሻል ወይ ብላት፣ አልኖርኩም ግን ሙቀቱን አውቀዋለሁ አለችኝ። አራተኛዋ ናፖሊ ሰው ያናግርሻል፣ ፓሌርሞ ሰው ያይሻል አለች። የትኛው እንደሚሻል ስጠይቃት፣ "እሱ እንግዲህ እንደ መልክሽ ነው" ብላኝ ሄደች። ይህን አልጻፍኩትም።

ከሁሉ የገረመኝ የባቡሩ ነገር ነው። ፓሌርሞ ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ባቡሩ ባሕር ዳር ሲደርስ ከነተሳፋሪው መርከብ ላይ ይወጣል አሉኝ። ይህንን ለአቶ ተሰማ ወስጄ ነገርኳቸው።

አቶ ተሰማ የእኛ ሽማግሌ ናቸው። ያለን ሽማግሌም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌሎቻችን ወይ ወጣት ነን ወይ ዕድሜያችንን አንናገርም። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሃያ ዓመት ጸሐፊ ነበሩ። ኩላሊታቸውን ሊታከሙ ሮም መጡ። ኩላሊታቸው ሲድን አገሩ ታመመና በዚያው ቀሩ። አሁን ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ የአንድ ፎቅ ዘበኛ ናቸው። እሳቸው ግን ዘበኛ ነኝ አይሉም፣ "ሕንፃ አስተዳድራለሁ" ነው የሚሉት። ክረምት ከበጋ ከረባት ያስራሉ። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት የስማቸው ቲተር አለ፤ እሱ ያልተመታበት ወረቀት ለእሳቸው ወረቀት አይደለም። አንዴ ሁለት ሴቶች በአንድ ድስት ተጣልተው እሳቸው ዘንድ ቢቀርቡ፣ አስታርቀው፣ የእርቅ ቃል ጽፈው፣ ሁለቱንም አስፈርመው፣ ቲተራቸውን መትተው ሸኟቸው። ድስቱን በኤግዚቢትነት ያዙት። እስከ ዛሬ የሚበሉበት እሳቸው ናቸው።

"ባቡር የሚሄደው በሐዲድ ነው" አሉኝ አቶ ተሰማ። "መርከብ ላይ ሐዲድ የለም። አለቀ።" ባቡሩን ከደብተሬ ሰረዝኩ።

ለተብርሃን ግን ካርታ አመጣችልኝ። ለተብርሃን አስመራ ሲስተሮች ትምህርት ቤት የተማረች፣ ጣልያንኛዋ ከጣልያኖቹ የሚበልጥ ጓደኛዬ ናት። በፀጉር ማስያዣዋ ለካችና፣ ፓሌርሞ ከናፖሊ ይልቅ ለአገራችን በግማሽ ፀጉር ማስያዣ ይቀርባል አለችኝ። ደስ አለኝ። መመለስ ለማትችዪበት አገር በግማሽ ፀጉር ማስያዣ መቅረብ ምን ይሠራልሻል እንዳትሉኝ፤ ደስ አለኝ፣ ጻፍኩት።

በሦስተኛው ሐሙስ "ለመሆኑ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ጥያቄ ሰው ያስቀይማል። አንዷ ብቻ "ናፖሊን አይቻለሁ" አለች። ቁጭ ብዬ ባጣራ፣ በባቡር ስታልፍ ተኝታ ነበር። "ግን ጣቢያው ላይ ብዙ ጫጫታ እንዳለ በእንቅልፌ ሰምቻለሁ" አለች። ጻፍኩት።

ደብተሩ ሞላ። ብቆጥር በግራ አሥራ ዘጠኝ፣ በቀኝ አሥራ ዘጠኝ። እንደዚህ ተመካክሮ የማይጠቅም ሕዝብ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ጉዳዩን የቆረጠልኝ ደብተሩ ሳይሆን የናፖሊዋ ሲኞራ ናቸው፤ ቀድመው ሮም መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ሊያዩኝ ሲኞራ ኤልቪራ ቤት ተቀጠሩ።

አሁን ስለ ዋስ እንነጋገር። ዋስ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዋስ የሌላት ሴት እንኳን ሰው ቤት፣ ወፍጮ ቤትም አትቀጠርም። ሲኞራ ኤልቪራ ሲቀጥሩኝ የመጀመሪያ ቃላቸው "ዋስ አምጪ" ነበር። አጎቴ ዋስ ሆኑኝ። ወደ ሮም ስሄድ አጎቴ አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው አለቀሱ። በመለያየታችን መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። በኋላ ጠጋ ብዬ ስሰማቸው "ዋስትናዬን ሳታወርዱልኝ" ነበር የሚሉት።

እንግዲህ እንደ እኔ ያለች፣ ደንብ የምታውቅ ሴት፣ ትልቅ ቤት ልትቀጠር ስትሄድ እጇን እያወዛወዘች ትሄዳለች? አቶ ተሰማን ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከረባታቸውን አስተካከሉና ጻፉልኝ። "ወይዘሪት አስካለ በተቀጠሩበት ቤት ንብረት ቢያጎድሉ እተካለሁ። ቢሰወሩ ፈልጌ አቀርባለሁ። ፈልጌ ባጣቸው ራሴ እቀርባለሁ።" ቲተሩ ሁለት ቦታ ተመታ።

ጣልያንኛውን እንድትጽፍ ለለተብርሃን ሰጠናት። አንብባ "ይሄ ይቅርባችሁ" አለች። "እዚህ አገር አትሰርቅም ብለህ ሰው ስታስተዋውቅ፣ ሰሚው የሚይዘው መስረቅ የሚለውን ነው።" አቶ ተሰማ በትዕግሥት አዳመጧትና "ልጄ፣ አንቺ ተርጉሚ" አሏት። ተረጎመች። ሲኞራ ኤልቪራም ወረቀቱን ሲያዩት ምንም አልመሰላቸውም። አሥራ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ የኖረ ሰው ምን ሊመስለው?

ቅዳሜ ደረሰ። የናፖሊዋ ሲኞራ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው። ምግብ ትችያለሽ ወይ፣ ልጅ ትወጃለሽ ወይ አሉኝ። ሁለቱንም አዎ አልኩ። ሳቁ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፣ የባሕሩን ነገር አወሩልኝ። እኔ ናፖሊ ደርሻለሁ፤ ተራራውንም ይቅር ብዬዋለሁ። ይሄኔ አቶ ተሰማ ጥግ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

ሴትዮዋ አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የነበረውን ቦርሳቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አቶ ተሰማ ነገሩ እየሠመረ ስለመሰላቸው፣ "ከዚህ በፊት የጠፋ ነገር የለም፤ ቢጠፋ ግን" ብለው ማብራራት ጀመሩ። ለተብርሃን ጣሪያውን እያየች ተረጎመች።

በሦስተኛው ቀን ከናፖሊ ስልክ ተደወለ። የልጅ ልጆቹ ለካ ሠራተኛ የማያስፈልጋቸው ሆነው ተገኝተዋል። በሦስት ቀን ማደጋቸው ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ታጋሽ ነኝ። የዚያን ቀን ግን አልነበርኩም። ፒያሳ ቪቶሪዮ ሄጄ "አቶ ተሰማ፣ እንጀራዬን የዘጋው የእርስዎ ወረቀት ነው" አልኳቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የአማርኛውን ወረቀት ተቀበሉኝ፣ ማስመሪያ አወጡ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ቀይ መስመር አሰመሩ፣ በመሐሉ "ተሰርዟል" ብለው ጽፈው ቲተሩን መቱበት። መልሰው ሰጡኝና "ለፋይልሽ" አሉኝ። ከዚያ ደረጃውን መጥረግ ጀመሩ። ያሳደጓት የምትመስላቸው ልጅ ሰድባቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ደረጃ ሲጠርጉ ማየት ደስ አይልም። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም፣ ሄድኩ።

ኖታዮው ለጉዳይ ሮም የመጡት ፔርሜሶዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ረቡዕ ያልቃል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። አሁን ብልህ ሆኛለሁ። ዋስ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ብቻዬን፣ እጄን አጣጥፌ ገባሁ። ኖታዮው ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ምግብ ትችያለሽ ወይ አላሉኝም። አሮጊት መጦር ትችያለሽ ወይ ብለውም አልጠየቁኝ። ትንሽ ካዩኝ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "አሎራ፣ እንግዲህ ስለ አንቺ የሚመልስ ማን አለ?" የሚል ነበር።

ከናፖሊ ተምሬአለሁ አይደል? ደረቴን ነፍቼ "ማንም የለም። ስለ ራሴ የምመልሰው እኔ ነኝ" አልኩ።

ማስታወሻቸውን ዘጉ። ሲኞራ ኤልቪራ ቶሎ ብለው "እኔ አለሁ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው ከእኔ ጋር" አሉ። ኖታዮው በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። የእርስዎ ቃል ትልቅ ነው፣ ግን እርስዎ አሠሪዋ ነዎት፤ ከራሷ ወገን አንድ ሰው ቆሞ የማይናገርላትን ሴት እናቴ ቤት ማስገባት አልችልም፣ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም አሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ሁለቱም ባላ ተሰብሮ መሬት ላይ ነበርኩ።

ሲኞራ ከጨነቃቸው ይስቃሉ። ስለዚህ እየሳቁ የናፖሊውን ወረቀት ታሪክ አወሩላቸው። ኖታዮው አልሳቁም። "ወረቀቱን ላየው እችላለሁ?" አሉ። አመጣሁ። የጣልያንኛውን ቀስ ብለው አነበቡ። "ፈልጌ ባጣት ራሴ እቀርባለሁ" የሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋስትና አጽድቄአለሁ፣ ገንዘቡን የሚያስይዝ አይቻለሁ፣ መሬቱን የሚያስይዝ አይቻለሁ፣ ራሱን የሚያስይዝ አላየሁም አሉ። ይህ ሰው የፈረመላት ከሆነች ሌላ አልጠይቅም፣ ሰኞ ውሉን እንጽፋለን አሉ። ገጹን ሲገልጡ የአማርኛው ወጣ፣ ከነቀይ መስመሩ።

ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "የተሰረዘ ሰነድ የተሰረዘ ነው" አሉ። አቶ ተሰማ ጣልያንኛ የተናገሩ መሰለኝ።

ታዲያ ለምን ሄደሽ አትታረቂም አሉኝ ኖታዮው። እንዴት ላስረዳቸው? ትልቅ ሰው አስቀይሞ ዘው ብሎ ገብቶ ይቅርታ የለም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሮም ውስጥ ያለን ሽማግሌ ደግሞ አቶ ተሰማ ብቻ ናቸው። አቶ ተሰማን ወደ አቶ ተሰማ እንዴት እልካለሁ? ይህን ስል ሲኞራ ኤልቪራ ዱላቸውን አንስተው ለኖታዮው በአማርኛ "ተነሳ" አሏቸው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሦስት ሽማግሌ ሄደ። ሲኞራ ከነጉልበታቸው፣ ኖታዮው ከነጥቁር ልብሳቸው፣ ለተብርሃን በአስተርጓሚነት። እኔ እንደ ደንቡ ውጭ ቀረሁ። የፎቁ የፖስታ ሳጥኖች አጠገብ ቆሜ፣ በሩ ገርበብ ስላለ ሁሉን አያለሁ፣ እሰማለሁ።

አቶ ተሰማ አንድ በአንድ አዩአቸው። "ሁለት ሴትና አንድ ጣልያን" አሉ። "ሽማግሌው የትኛው ነው?"

ሲኞራ ደንቡን ያውቃሉ፤ ጉዳያቸው ሳይፈጸም ሽማግሌ አይቀመጥም። ኖታዮው ወደ ወንበሩ ሲያዩ "አትቀመጥ" አሏቸው። ከዚያ ወደ አቶ ተሰማ ዞረው ባላቸው አማርኛ መለመን ጀመሩ። "ማራት" አሉ። "ተው። እርሳው። ፈርም።" እንዲህ ያለ ልመና በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ዱላቸውን ይዘው፣ በዚያ ጉልበት፣ ለእኔ ብለው ቆመው ነበር የሚያዙት።

አቶ ተሰማ፣ ሲኞራ ሲያበቁ ጠብቀው "ሰምቻለሁ። ላስብበት። ለሳምንት ተመለሱ" አሉ።

ለተብርሃን ተረጎመች። ኖታዮው ይለምናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "ትክክል ነው፣ ዋስትና ሳይታሰብበት አይፈረምም" አይሉም? ሁለት የወረቀት ሰዎች ተስማምተው ሊቀብሩኝ ነው። ለሳምንት እኔ የት ነኝ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። ደንቡን ጥዬ ገብቼ አቶ ተሰማ እግር ላይ ወደቅሁ። "አባቴ፣ አፌን ይቁረጠኝ። እርስዎን ነው የተናገርኩት፤ ከእርስዎ በቀር እዚህ አገር ማን አለኝ?" አልኳቸው። ይህን ለማለት አስቤ አልነበረም። ስለው ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት።

አቶ ተሰማ ብብቴን ይዘው አነሱኝና "ተነሺ፣ ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው" አሉ። መሳቢያ ከፍተው አዲስ ወረቀት አወጡ። ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቲተሩን ሦስት ቦታ መቱ። ኖታዮው ወረቀቱን ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አቶ ተሰማ ወደ ራሳቸው መለስ አደረጉት።

"አሁን የእርስዎን ልየው" አሉ።

"የእኔን ምን?" አሉ ኖታዮው።

"ዋስዎን። እሷ ብታጠፋ እኔ አለሁ። እርስዎ ቢያጠፉስ? ቢሰድቧት፣ ቢያስርቧት፣ ወረቀቷን ቢይዙባት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ማንን ልያዝ?"

ለተብርሃን ይህንን ስትተረጉም ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቀስ ብላ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዋስ አምጪ ተብያለሁ፤ ዋስ አምጡልኝ ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ መባል እንደሚቻልም አላውቅም ነበር። ሲኞራ ኤልቪራ የዱላቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። ቀስ ብለው "እኔ ልፈርምለት" አሉ በጣልያንኛ። አቶ ተሰማ እርስዎ ቶሪኖ ይሄዳሉ፣ ዋስ በአካባቢው የሚገኝ መሆን አለበት አሉ።

ኖታዮው ፓሌርሞ ውስጥ ለእኔ የሚፈርም መቶ ሰው አለ አሉ። አቶ ተሰማ መቶ አልጠየቅኩም አሉ። ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅዎት ማነው? ኖታዮው ትንሽ አሰቡና "እናቴ" አሉ።

"ቫ ቤኔ፣ ጥሩ" አሉ አቶ ተሰማ፣ ስልኩን ወደ እሳቸው ገፋ እያደረጉ።

እናትየው ጆሯቸው ስለደከመ ኖታዮው መጮኽ ነበረባቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ፓሌርሞ ላይ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ የሚያሳልፋቸው ሰው፣ ዘበኛ ቤት ቆመው፣ "እማማ፣ ጥሩ ሰው ነኝ ብለሽ ትፈርሚልኛለሽ ወይ?" እያሉ ሲጮኹ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። የፎቁ ሰው በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ጆሯቸው ቀላ። ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ለተብርሃንን ሳያዩ አንድ ነገር አሏት።

"እናታቸው እስከ ማክሰኞ ላስብበት ብለዋል" አለች ለተብርሃን።

ማክሰኞ። ፔርሜሶዬ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። መጨነቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ። ከዚያች አሮጊት ጋር ለመኖር ባቡር መርከብ ላይ ቢወጣም፣ መርከብ ባቡር ላይ ቢወጣም እሄዳለሁ አልኩ። ደብተሩን እዚያው የአቶ ተሰማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ቴሌግራም መጣ። "ለስድስት ወር ብቻ እፈርምለታለሁ። ከዚያ ጸባዩን አይቼ" ይላል።

ፓሌርሞ ሄጄ ስምንት ዓመት አብሬአቸው ኖርኩ። የእኔ ፔርሜሶ በየዓመቱ ሲታደስ፣ የልጃቸው ዋስትና በየስድስት ወሩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይታደስ ነበር። እናትየው መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሦስት ሳምንት ሳይታደስላቸው ቆይቷል። ምክንያቱን ኖታዮው ያውቃሉ።